የላይኛው ክፍል ሐዘንተኛ

ማክሰኞ ጠዋት ኖሺር ሲሞት በቤቱ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ታላቅ እህቱ ፍሬኒ፣ ሻይ ልትጠጣ ጎራ ያለችው ጎረቤታቸው ጉልቼህር፣ እና ላይኛው ክፍል የሚኖረው ሞይዝ። የኖሺር ራስ ሞይዝ ክንድ ላይ ነበር።

«ካህኑን ጥሪልኝ» አለች ፍሬኒ ለጉልቼህር። «ሬሳ ተሸካሚዎቹንም።»

ጉልቼህር ነጠላ ጫማዋን እያንሻተተች ወጣች። ሞይዝ የኖሺርን ራስ ቀስ አድርጎ ትራሱ ላይ አሳረፈው። አፉን ሊገጥምለት ሞከረ፤ እንቢ አለው። የመጨረሻዋ ሰዓት ከባድ ነበረች። ኖሺር አየር ፍለጋ ሲታገል ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መስሎ ነበር። አሁን ግን የግንባሩ መጨማደድ እየተፈታ ነው። ሞይዝ ይህን አየና የራሱን ልብስ ተመለከተ። ሸሚዙ በላብና በመድኃኒት ተጨማልቋል።

«ታጥቤ ልምጣ» አለ።

«ሂድ» አለችው ፍሬኒ።

ሞይዝ ቦህራ ነው፤ በቦህራ ሙስሊሞች ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ገላውን ይታጠባል። ኖሺርና ፍሬኒ እሳትን የሚያከብር ጥንታዊ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ፓርሲዎች ናቸው፤ ፓርሲ ደግሞ ሬሳ አጠገብ ለንጽሕና የሚጠነቀቀውን ያህል ለሌላ ለምንም አይጠነቀቅም። ስለዚህ ሞይዝ በሁለቱም ሃይማኖት ትክክለኛውን ነገር የሚያደርግ መሰለው። ረጋ ብሎ ታጠበ። ጢሙን አበጠረ። ነጩን ቀሚሱን ለበሰ፤ ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ቆቡን ደፋ። ንጹሕ ሆኖ ሊቀርብና ያረፈውን ፊት ደኅና አድርጎ ሊያይ ፈልጎ ነው። የታገለውን ፊትማ አይቶታል።

ተሸካሚዎቹ ግን ለሌላ ሥራ እዚያው ሰፈር መጥተው ነበርና ቶሎ ደረሱ። ሞይዝ ደረጃውን ሲወርድ ኖሺር ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ የፊተኛው ክፍል ወለል ላይ ተጋድሟል፤ ዙሪያውንም በብረት ሚስማር መስመር ተሰምሮበታል። ያ መስመር ከተሰመረ በኋላ ፓርሲ ያልሆነ ሰው የሟቹን ፊት አያይም። በከተማቸው በናቭሳሪ ይህን የማያውቅ የለም። ሞይዝም ያውቃል። ጊዜ ያለው መስሎት ነው።

ፍሬኒ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተሰመረ?» አላት።

«ተሰመረ። እንዲህ ቶሎ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«እሺ።»

«ጀንበር ሳትጠልቅ ግንቡ መድረስ አለበት፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ እትዬ ፍሬኒ። ምንም አላልኩም።»

ከዚያ ውሻው መጣ። የፓርሲን ሬሳ ውሻ ሊያየው ይገባል፤ ያውም ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ነጥብ ያለው ውሻ። ይኼኛው የሰፈሩ ነው፤ ከኖሺር ዳቦ ቤት በሚወረወርለት ስባሪ ብስኩት ያደገ። አንዱ ተሸካሚ በገመድ እየሳበ በሞይዝ አጠገብ አሳለፈው። ገባ፤ አየ፤ ወጣ። ሲወጣ የሞይዝን እጅ አሸተተ።

«ውሻው ገብቶ ያያል፣ እሱ ደረጃ ላይ ይገተራል» አለች ጉልቼህር። «ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ጎረቤት አልነበረውም።»

«ዝም በይ ጉልቼህር።»

«ዝም ብያለሁ። ስናገር አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ሲወጣ ነጭ የለበሱት ወንዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በየመካከላቸው አንድ መሐረብ ግራና ቀኝ ይዘው ተከተሉ። ደንቡ ነው፤ ከሬሳ ኋላ ማንም ብቻውን አይሄድም። ሞይዝ ከሁሉም ኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሄደ። የፓርሲ ሬሳ የሚያርፍበት ግንብ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ፓርሲ ያልሆነ አይገባም።

በማግሥቱ ቤቱ በሰው ተሞላ። ናናና ጠጅ ሳር የገባበት ሻይ ያለማቋረጥ ይፈላል። ሻዩን የሚያዞረው ሞይዝ ነው። ስኒዎቹ ሁሉ ከእሱ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ ሱቅ የመጡ ስለሆኑ የትኛው ጆሮው እንደላላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እንግዳው ሁሉ ፍሬኒ ፊት ጎንበስ ብሎ «ያጽናሽ» ይላታል። ከዚያ ከሞይዝ እጅ ስኒ ይቀበላል።

«ጋሼ ሞይዝ፣ ሻዩ ግሩም ነው» ይለዋል አንዱ።

«አሁን እንግዲህ ቤት ልትፈልግ ነው?» ትለዋለች ሌላዋ።

አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ጥሩ አከራይ አጣህ።»

«ጥሩ አከራይ ነበር» አለ ሞይዝ፣ ስኳሩን እያቀረበለት።

ሞይዝ የሚጠብቀው አንዲት ቃል ነበረች፤ ለቅሶ ቤት ለማያውቁት ሰው እንኳ የምትባለዋን፣ «ያጽናህ» የምትለዋን ቃል። ኖሺር የእሱም ሟች መሆኑን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በአፉ እንዲመሰክርለት ፈለገ። አርባ ዓመት ያህል አብረው ኖረዋል። ሰፈሩ ያውቃል። አውቆ ዝም ማለቱን ሁለቱም እንደ ደግነት ይቆጥሩለት ነበር፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ተመችቷቸው አርጅተዋል። አሁን ያው ዝምታ ሞይዝን ሻይ አዟሪ አደረገው።

ቀትር ላይ መስጊድ ሄደ። ዘወትር ከጎኑ የሚሰግደው ሰውዬ ሲወጡ ፊቱን አየውና «ምነው ገረጣህ? ማን ሞተብህ?» አለው።

ሞይዝ አፉን ከፈተ። የመጣለት ቃል አንድ ብቻ ነበር።

«የቤት አከራዬ።»

«አይ! እሱስ ይተካል» አለ ሰውዬው ጫማውን እየፈለገ።

ሞይዝ ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ያቃጠለው ሰውዬው ያለው አልነበረም፤ እሱ ራሱ ያለው ነው።

ኖሺር በወጣትነቱ የሰፈሩ አፈ ክፉ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ስድቡ ከብስኩቱ እኩል ይታወቃል። ሞይዝ መጀመሪያ የሄደው ብስኩት የሚቀመጥባቸውን አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ሊሸጥለት ነው። ኖሺር ተቀበለው፤ ሰንብቶ ሁሉንም መለሰበት።

«ክዳንህ አየር ያስገባል። ብስኩቴ ለስልሶ የሽማግሌ ድድ መስሏል።»

ሞይዝ ሌላ አመጣ።

«ይኼ ደግሞ ጋዝ ጋዝ ይላል። ጠርሙስ ነው የምትሸጠው ወይስ ፋኖስ?»

ሞይዝ አሁንም ሌላ አመጣ። ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ጠርሙስ ተሸክሞ ሲመላለስ ከረመ። በመጣ ቁጥር ኖሺር ይሳደባል፣ ዱቄት የነካውን በርጩማ በክንዱ ይጠርግለታል፣ ትኩስ ብስኩት ያቀርብለታል። አንድ ቀን ሞይዝ ከተመለሱት ጠርሙሶች አንዱን ውሃ ሞልቶ፣ ከድኖ ገለበጠው። ጠብ አላለም። ሁለተኛውንም ገለበጠ። ሁሉም ደኅና ነበሩ። ነገሩ ሲገባው ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሳቀ፤ ከዚያም ከመደርደሪያው ላይ ክዳኑ የተወላገደ ጠርሙስ መርጦ ይዞ ሄደ።

«ይኼኛው እንኳ የእውነት አየር ያስገባል» አለው።

ኖሺር ጠርሙሱን አየ፤ ሞይዝን አየ። የሚሰድበው ጠፋው።

ሞይዝ ላይኛውን ክፍል ተከራየ ተባለ። ቃሉ ለሰው ጆሮ ነበር። ማታ ማታ ከአንድ ትልቅ ሰሐን ይበላሉ፤ በቦህራ ልማድ መጀመሪያ ትንሽ ጨው ይቀመሳልና ኖሺር ጨዉን ዘሎ ወጡ ውስጥ ሲገባ ሞይዝ እጁን ይመታዋል። ኖሺር ደግሞ ጠዋት ቅዱስ መታጠቂያውን ፈትቶ እየጸለየ ሲያስር፣ ሞይዝ ሬዲዮኑን ዘግቶ ይጠብቀዋል። አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ ሃይማኖት ልሳበው ብሎ አያውቅም። ግን አንዱ ጸሎቱን ሲረሳ የሚቆጣው ሌላው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ካህኑ ኬኪ መጣ። ኖሺር ተጋድሞበት በነበረው ቦታ፣ ለሟቹ ከበራው መብራት አጠገብ ተቀምጦ ጸሎቱን ጀመረ። ሞይዝ የሻዩን ትሪ አስቀምጦ ወደ ላይ ወጣና ቁርኣኑን ገለጠ። ለሞተ ሰው የሚነበበውን ያሲንን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። የላይኛው ወለል ሳንቃ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል።

«ሰማሽ?» አለች ጉልቼህር ከታች። «ኖሺር በሁለት በር ሊገባ ነው።»

ፍሬኒ አልሳቀችም፤ ኬኪን አየችው። ካህኑ ለአፍታ ቆም ብሎ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ከዚያ ቀጠለ። የራሱን ድምፅ ግን ትንሽ ዝቅ አደረገው።

ፍሬኒ ከላይ የሚመጣውን ድምፅ እየሰማች ያንን ክፉ ዓመት አስታወሰች። ዱላ የያዙ ሰዎች ሙስሊም እየፈለጉ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። በረንዳው ላይ ሲደርሱ ኖሺር ፊታቸው ቆመ፤ አፈ ክፉው ኖሺር አንድ ቃል ማውጣት አቃተው። ፍሬኒ ገፋ አድርጋው ወጣች።

«ላይ ማነው ያለው?» አላት ፊተኛው።

«ባሌ ነው።»

«ባልሽ ሞቷል ይባላል።»

«ሌላ አገባሁ። አንተን ላስፈቅድ ኖሯል? ትኩሳት ይዞታል፤ ከፈለግህ ግባና ይጋባብህ።»

ሄዱ። ኖሺር ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከዚያ እንባውን ሳይጠርግ መሳቅ ጀመረ። «ቀማሽኝ! የገዛ እህቴ ቀማችኝ!» እያለ። ለብዙ ጊዜ ሞይዝን «የእህቴ ባል» ብሎ ነበር የሚጠራው።

ሊመሽ ሲል የፍሬኒ ልጅ ሆሚ ከካናዳ ደወለ። ልጅ ያልወለደ ፓርሲ ሲሞት በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሟቹን ጸሎት እንደ ልጁ ሆኖ የሚያስቀጥልለት አንድ ወንድ በሕዝቡ ፊት በስሙ ይጠራል። ከዘመድ የተረፈው ወንድ ሆሚ ብቻ ነው። ፍሬኒ ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩ ጮክ ብሎ ነበር የተከፈተው።

«እሺ እማዬ፣ ስሜን አስገቡ» አለ ሆሚ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ብዙ አልቆይም። ለመሆኑ አጎቴን ምን ነበር ያመመው?»

ፍሬኒ የበሽታው ስም አፏ ላይ መጥቶ ጠፋባት። ስኒ የሚሰበስበው ሞይዝ መለሰ። «ሳንባው ነው ልጄ። የዱቄቱ ብናኝ ነው የጎዳው።»

«ማነው ያ?»

ፍሬኒ ሞይዝን አየችው። ክፍሉ ውስጥ ገና ያልሄዱ እንግዶች ነበሩ።

«ተከራያችን ነው» አለች።

ሞይዝ ስኒዎቹን አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ትሪው ላይ ደረደረ። እንግዶቹ ሲሄዱ ወጥ ቤት ተከትላው ገባች።

«ነገ የት ልቀመጥ?» አላት ሳይዞር።

«ከማዶ ነዋ። ፓርሲ ላልሆኑት አግዳሚ ይወጣል።»

«እሺ።»

«ምን ላድርግ ሞይዝ? በሕይወት ሳለ የፈለግነውን ሆነናል። ከሞተ በኋላ ግን የሕጉ ነው።»

«ምንም አላልኩም እኮ እትዬ።»

«ባትልም ሰምቼሃለሁ» አለችና እጇን ታጥባ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፓርሲዎቹ ወንዶቹ ቆባቸውን፣ ሴቶቹ ነጭ ሳሪያቸውን ለብሰው ቤቱን ሞሉት። በሩ ክፍት ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ኒም ዛፉ ሥር በተዘረጋው አግዳሚ ላይ የሰፈሩ ሌሎች ሰዎች ተቀመጡ። ሞይዝ ጫፉ ላይ ነበር። ከጎኑ አትክልት ሻጩ ተቀምጧል።

ጸሎቱ ሲያልቅ ኬኪ ተነሥቶ፣ የሟቹን ጸሎት እንደ ልጁ ሆኖ የሚያስቀጥለው ሆሚ መሆኑን ጮክ ብሎ ተናገረ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። በዚያ ስም የሚነሣ አልነበረም።

«ሆሚ የሚሉት የቱ ነው?» አለ አትክልት ሻጩ።

«የእህቱ ልጅ ነው» አለ ሞይዝ።

«የታለ?»

«ካናዳ።»

«ታዲያ ለኖሺር ምኑ ነው?»

«ደግ ልጅ ነው» አለ ሞይዝ። ዓይኖቹን ከበሩ ላይ አላነሣም።

አሁን የቀረው ስንብቱ ነው። የሟቹ ቤተሰብ በረድፍ ይቀመጣል፤ ሕዝቡ እየተሰለፈ በፊታቸው ያልፋል፤ እያንዳንዱ ቀኝ እጁን ወደ ግንባሩ ያነሣል፤ ሐዘንተኛውም በዝምታ እጁን አንሥቶ ይመልሳል። የኖሺር ረድፍ አንድ ወንበር ነበር። ፍሬኒ ብቻዋን ተቀምጣ ሰልፉ ሲያያዝ አየች። ኬኪ ከፊት ቆሟል።

ፍሬኒ ተነሣች። ወንበሩን በሁለት እጇ አነሣችው። ከባድ የጥንት እንጨት ነው፤ ጥቂት እርምጃ ሄዳ መጎተት ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አለች ጉልቼህር።

«ውጭ።»

«ሰልፉ እኮ እዚህ ነው!»

«ይምጣ።»

የወንበሩ እግር የበረንዳውን ደረጃ እየደበደበ ወረደ። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ፍሬን ያዘና ጡሩንባውን አንባረቀ። ጉልቼህር ከኋላ ደረሰች።

«እናት የለህም አንተ? ለቅሶ ነው፣ አታይም!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ፍሬኒ መንገዱን ተሻግራ ወንበሯን ከአግዳሚው ጫፍ ጋር አጋጠመችው። ሞይዝ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው።

«እትዬ፣ ሰው ያያል።»

«ሊያይ ነው የመጣው።»

ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ በጣም ታለከልክ ነበር። ማዶ፣ በሩ ላይ ሕዝቡ ተደናቅፎ ቆሟል። ከኋላ ያሉት ምን ሆነ ይላሉ። ሁለት ሦስት ሰዎች በጓሮ በር በኩል ወጥተው ሄዱ።

ካህኑ ኬኪ ከደጃፉ ላይ ብዙ ቆየ። ለዚህ የሚሆን ነገር በተማረው ውስጥ አልነበረም። ከዚያ የነጭ ቀሚሱን ጫፍ ከጭቃው ከፍ አድርጎ ይዞ በባጃጁ አፍንጫ ሥር ተሻገረ። ፍሬኒ ፊት ቆሞ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ። እሷም መለሰችለት። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ። እጁን እንደገና አነሣ።

«ጋሼ ሞይዝ» አለ። «ያጽናዎት።»

ሞይዝ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ይህን ሰላምታ ከዚሁ አግዳሚ ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ አይቶታል። እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ኬኪን ያያል። ፍሬኒ ወደ እሱ ሳትዞር ክርኑን ያዘችና እጁን ወደ ግንባሩ አነሣችለት።

ከኬኪ ኋላ ጉልቼህር ነበረች። «ያጽናህ፣ አንተ ምስኪን» አለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። «ሦስት ቀን ሙሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከዚህ ሥጋ ከሌለው ወጥ ጋር ስውጠው ከረምኩ።»

ሌሎቹም ተሻገሩ። አንዳንዱ ለፍሬኒ ብቻ እጁን አንሥቶ ሞይዝ ጋ ሲደርስ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ አለፈ። የባቡር ሠራተኛው ሞይዝ ፊት ቆሞ አንድ ነገር ሊናገር ፈልጎ ተወው፤ እጁን አነሣ፣ ቶሎም አላወረደውም። ሞይዝ ለሁሉም መለሰ። ከጥቂት ሰዎች በኋላ ፍሬኒ ክርኑን ለቀቀችው።

ፓርሲ ሰው ሲሞትበት ሦስት ቀን ከሥጋ ይታቀባል፤ በማግሥቱ ሥጋ የሚበላበት ቀን ደረሰና ጉልቼህር በትልቅ ድስት የምስርና የሥጋ ወጥ ሠርታ አመጣች። ሥጋውን የገዛችው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር።